ሰርቨሩ በስሙ ሲጠሩት እምቢ፣ በቁጥሩ ሲጠሩት እሺ አለ

መነሻ ጥያቄ። የተለጠፈው ኢንተርኔት ላይ ባለ የኮምፒውተር መወያያ መድረክ ነው፤ ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ አነስተኛ የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተር ሲበላሽም የምጠራው እኔ ነኝ። ይህን ሹመት ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም፤ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ያወጣሁ ዕለት ሳይሆን አይቀርም። ቢሮው አሥራ አንድ ኮምፒውተር አለው፤ ሰባቱ ዴስክቶፕ፣ አራቱ ላፕቶፕ ናቸው። ሁሉም መዝገብ ቤቱ ጥግ፣ ከፋይል መደርደሪያው ሥር ከተቀመጠ አንድ ሰርቨር ጋር ተያይዘዋል። የዲክላራሲዮን ቅጂው፣ የባንክ ፈቃዱ፣ የመጫኛ ሰነዱ፣ የደንበኛ ደረሰኙ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ፣ የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው።

ረቡዕ ማታ የለጠፍኩት ጥያቄ ይህ ነበር። ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ሰኞ ጠዋት ሲመለስ ሰርቨሩን አስነሣሁ። ሰባቱ ዴስክቶፖች ምንም ሳያንገራግሩ ገቡ። አራቱ ላፕቶፖች ግን ኢንተርኔቱ እየሠራላቸው፣ ፕሪንተሩ እየታዘዘላቸው፣ የሰርቨሩን ስም ጽፈው የጋራውን ፎልደር ሊከፍቱ ሲሉ እምቢ ይላቸዋል። የሚመጣው ማሳሰቢያ በላፕቶፑና በሰርቨሩ መካከል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ የሚል ነገር ያወራል። እኔም ሰዎች በከንቱ እንዳይደክሙልኝ ብዬ ሰዓቱን አስቀድሜ እንዳየሁት፣ ቀኑ ትክክል እንደሆነ፣ ሰዓቱም ከእጄ ሰዓት ጋር ደቂቃ ሳይዛነፍ እንደሚገጥም አክዬ ጻፍኩ። በዚያ በኩል እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። ሰዎቹም ታዘዙኝ፤ እስከ ምላሽ 19 ድረስ በዚያ በኩል የሄደ የለም።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው ሰው ከረጅም ሰላምታና ምርቃት በኋላ ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና እንዳበራ መከረኝ። አራት ጊዜ አድርጌው ነበር። ቢሆንም ምርቃቱ ደስ ስላለኝ አምስተኛ ጊዜ አደረግኩት።

ምላሽ 2 እና 3። ሁለተኛው በሥርዓት የሚጠይቅ ሰው ነው። ላፕቶፖቹ የሚገናኙት በኬብል ነው ወይስ በዋይፋይ፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ የትኛው ነው፣ ችግሩ መቼ ጀመረ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀየረ የሚሉ አራት ጥያቄዎች ደረደረ። በምላሽ 3 መለስኩለት። በዋይፋይ ናቸው፤ አንዱን አውጥቼ በኬብል ብሞክረውም ለውጥ የለውም። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2012 አር 2 ነው፣ ላፕቶፖቹ ዊንዶውስ 10። የጀመረው ሰኞ ነው። አራተኛውን ጥያቄ በአንድ ቃል ዘጋሁት፤ ምንም አልተቀየረም አልኩ። ያችን ቃል ዛሬ ሳነባት ጆሮዬ ይግላል።

ምላሽ 4 እና 5። አራተኛው ሰው ነገሩን ከላፕቶፖቹ አዲስነት ጋር አያያዘው። አዳዲሶቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ኮምፒውተሮች ፎልደር የሚጋሩበትን ቋንቋ፣ የኤስኤምቢን የመጀመሪያ ስሪት ይዘው እንደማይመጡ ያውቃል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ አሮጌውን ስሪት መልሼ እንዳበራው አሳሰበ። በምላሽ 5 ወዲያው የደረሱት በዕድሜ ገፋ ያሉ ባለሙያ ናቸው፤ ኔትወርክ መሥራት የጀመሩት ወፍራም ኬብል ጫፉ ላይ ማቆሚያ እየተገጠመለት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ በሚዘረጋበት ዘመን እንደሆነ ነግረውናል። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር። ጋሼ እንዳስረዱት ያ አሮጌ ስሪት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የገባበት በር ነው። ማይክሮሶፍት መዝጊያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር፤ ያልጫኑት ተቃጠሉ። የእኔ ሰርቨር ደግሞ ሦስተኛውን ስሪት ስለሚናገር የተዘጋ በር መክፈት አያስፈልገውም። በጨዋ ቋንቋ ነው የተናገሩት፤ አራተኛው ሰው ግን ከዚያ በኋላ አልታየም።

ምላሽ 6 እና 7። ስድስተኛው አንድ ሙከራ ሰጠኝ። ከላፕቶፑ ሆኜ በሰርቨሩ ስም ፈንታ የአይፒ ቁጥሩን ጽፌ እንድሞክር አዘዘኝ። ሞከርኩት። የይለፍ ቃል ጠየቀኝና ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። በስሙ ስጠራው እምቢ፣ በቁጥሩ ስጠራው እሺ! በምላሽ 7 ይህን ስጽፍ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ምላሽ 8። ሙከራውን የሰጠኝ ሰው ፍርዱን ይዞ ተመለሰ፤ ችግሩ ዲኤንኤስ ነው። ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሠርቶ ስሙ ካልሠራ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር ነው ያቀረበው። እውነቱን ለመናገር ክርክሩ ያሳምናል። እኔን አሳምኖኛል፤ በስተኋላ ስንቆጥራቸው ስድስት ሰዎችንም አሳምኗል።

ምላሽ 9 እና 10። ዘጠነኛው እንግዲያውስ የላፕቶፖቹን ዲኤንኤስ ወደ 8.8.8.8፣ ለሁሉም ክፍት ወደሆነው የጎግል ዲኤንኤስ፣ እንድቀይረው ነገረኝ። በአንዱ ላፕቶፕ ላይ ቀየርኩ። ውጤቱን በምላሽ 10 ጻፍኩ፤ ድሮ ሰርቨሩ አልቀበልህ ይለኝ ነበር፣ አሁን ጭራሽ እንዲህ የሚባል ሰርቨር የለም ይለኛል።

ምላሽ 11። ጋሼ እዚህ ላይ ጨዋነታቸውን ትንሽ አላሉት። በዶሜይን፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ሥር በሚተዳደር የኮምፒውተሮች ስብስብ፣ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ስም የሚጠይቀው የራሱን ሰርቨር ብቻ እንደሆነ፣ ውጭ ያለው ዲኤንኤስ መዝገብ ቤታችሁ ጥግ ስላለ ሣጥን ከወዴት ሊያውቅ እንደሚችል፣ የሰው ቢሮ የመለማመጃ ሜዳ እንዳልሆነ አከታትለው ጻፉ። ለዘጠነኛው ሰው ነበር፤ ግማሹ ግን እኔም ላይ አርፏል። በዚያው አንድ ነገር ጠቆም አድርገው አለፉ። አሁን ስሙ ጨርሶ አልተገኘም የሚል ማሳሰቢያ ከመጣ፣ ቀድሞ ይመጣ የነበረው ማሳሰቢያ ስሙ ከተገኘ በኋላ የተሰጠ ነበር ማለት ነው። ያኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዲኤንኤሱን መለስኩት።

ምላሽ 12 እና 13። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ጨዋታ ሄደ፤ እኔም አልከፋኝም። አሥራ ሁለተኛው በሚሠራበት ቢሮ አንድ ጠዋት ኔትወርኩ በሙሉ ይቆማል። ራውተር ተለወጠ፣ ኬብል ተለወጠ፣ የኢንተርኔት አቅራቢው ተጠርቶ ተወቀሰ። በሁለተኛው ቀን ከጠረጴዛ ሥር ያለውን ባለ ስምንት ቀዳዳ ስዊች ጎንበስ ብለው ሲያዩት መብራቶቹ ሁሉ እኩል ይርገበገባሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ተንጠልጥሎ የቀረ የኬብል ጫፍ አግኝታ፣ ወለል ላይ ከሚጎተት ብላ እዚያው ስዊች ላይ ባገኘችው ባዶ ቀዳዳ ሰክታዋለች። ሁለቱም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ ሲሆን መልእክቱ መውጫ አጥቶ እየዞረ ይባዛል፤ ለሥራ የሚሆን ቦታ አይቀርም። ተራኪው እሷን አልወቀሰም፤ ሥራዋን በንጽሕና የሠራች እሷ ብቻ ነበረች አለ። አሥራ ሦስተኛው አይጥ ስለበላው ኬብል አወራ። የአይጥ ታሪክ ሁሉም ቢሮ ስላለው እዘለዋለሁ።

ከምላሽ 14 እስከ 18። ከዱባይ የሚጽፍ አንድ ወንድማችን በዚህ ዘመን ከመደርደሪያ ሥር ሰርቨር ማስቀመጥ ምን ይሉታል ብሎ ገባ። ሁሉንም ፋይል ክላውድ ላይ ስቀሉና ተገላገሉ የሚል ነው ምክሩ። አሥራ አምስተኛው ክፉኛ መለሰለት፤ መብራት በማይጠፋበት አገር ተቀምጦ መብራት ለሚጠፋበት አገር መምከር ቀላል እንደሆነ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጄኔሬተር አስነሥቶ ከራስ ሰርቨር ዲክላራሲዮን ማውጣት እንደሚቻል፣ ከክላውድ ግን ምንም እንደማይወርድ ጻፈ። የዱባዩ ሰው ተቀየመ። መርካቶ ውስጥ ለዓመታት ኮምፒውተር ጠግኖ እንደሄደ፣ የመብራቱን ነገር ማንም እንደማይነግረው አስታወቀ። አሥራ ሰባተኛው ሊያስታርቅ ገብቶ የወር ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑን ሲያነሣ እሳቱን አባሰው። አሥራ ስምንተኛው ለሁለቱም ልብ ይስጣችሁ አለ። አራት ላፕቶፕ የያዘው ሰው ተረስቷል። ደንበኞቻችን ጋ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለሱት ልጆች በዚህ መካከል ፋይላቸውን በፍላሽ እየያዙ ከዴስክቶፕ ዴስክቶፕ ይዞራሉ።

ምላሽ 19። ሐሙስ ጠዋት አንዲት እህት ገባች። ሐዋሳ ውስጥ የአምስት ስድስት ትንንሽ ቢሮዎችን ኮምፒውተር በውል እየዞረች እንደምትጠብቅ ተናገረች፤ ስለራሷ ያለችው ይኸው ነው። ሰዓቱ ትክክል ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ሦስት ነገር በቁጥር እንድጽፍላት ፈለገች፦ አሁን ከአንዱ ዴስክቶፕ ቀኝ ጥግ ላይ የተጻፈውን፣ ከአንዱ ላፕቶፕ ቀኝ ጥግ ላይ የተጻፈውን፣ እጄ ላይ ያለው ሰዓት የሚለውን። እየተነሣሁ አይቼ እንድጽፍ እንጂ ከልቤ እንዳልጽፍ አስጠነቀቀችኝ።

ምላሽ 20። እየተነሣሁ አየሁ። ዴስክቶፑ 3፡40 ይላል፣ ላፕቶፑ 9፡40 ይላል፣ የእጄ ሰዓት 3፡40 ይላል። ሁሉም እንደሚገጥሙ ጻፍኩላት። በቅን ልቦና ነው። አንዱ በእኛ፣ አንዱ በፈረንጅ ይቆጥራል እንጂ ሰዓቱ ያው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ዕድሜዬን በሙሉ 3፡40 እና 9፡40 ለእኔ አንድ ሰዓት ናቸው፤ ስድስት መደመርና መቀነስ እንደ መተንፈስ ስለሆነ እንደምቆጥር እንኳ አይታወቀኝም። ሰኞ ዕለት ገንዘብ ያዥዋ ኮምፒውተሩ በእኛ ሰዓት መቁጠር ስለጀመረላት አመስግናኝ ነበር፤ ምስጋናውን ተቀብያለሁ።

ምላሽ 21። የእሷ ምላሽ ሦስት መስመር ነው። ሰርቨሩ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር አያውቅም። 3፡40 ሲባል ገና ሌሊት ነው ብሎ ነው የተረዳው፣ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ዴስክቶፖቹ ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ ስለሚወስዱ አብረውት ተሳስተው ተስማምተዋል፤ ላፕቶፖቹ ከሌላ ቦታ ስለሚወስዱ ትክክል ሆነው ተጣልተዋል።

ስክሪኑን እያየሁ ሳቅኩ፣ ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ እንደገና ሳቅኩ። የቀድሞው ባለሙያ ላፕቶፖቹ ከቢሮ ውጭ ስለሚውሉ ሰዓታቸውን ከኢንተርኔት እንዲወስዱ አድርጓቸው እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ጅቡቲ ያለ ሰው እንኳ ሰዓቱ እንዳይዛነፍበት ብሎ ነው።

ምላሽ 22። የዲኤንኤሱ ሰው እጅ አልሰጠም። ሰዓቱ ከሆነ ጥፋተኛው በቁጥሩ ስንጠራው ለምን ተከፈተ? የሰዓት ልዩነት ስምና ቁጥር ይለያል ወይ? ጥያቄው ሹል ነበር፣ ድምፁም ሹል ነበር፤ ሴትየዋ በሦስት መስመር የሰው ሥራ እንደማታፈርስ ሊነግራትም ሞክሯል። ይህኛውን ባይጽፈው ይሻለው ነበር።

ምላሽ 23። መልሱን የሰጡት ጋሼ ናቸው፤ ከሁሉም ምላሾች ረጅሙ ይህ ነው፤ እኔም ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። ሲያጥር እንዲህ ነው። በዶሜይን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ሰርቨሩን በስሙ ሲጠራ ከርቤሮስ በሚባል ሥርዓት ትኬት ይቆርጣል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ፣ ዊንዶውስ ከ2000 እትሙ ጀምሮ የወሰደው ነው፤ ስሙ የግሪኮች ተረት ውስጥ የሙታንን በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የመጣ ነው። ትኬቱ ሲቀርብ የቀረበበት ሰዓት ተጽፎበት ነው። በር ላይ የቆመው ያንን ሰዓት ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል፤ ካልተቀየረ በስተቀር የሚፈቅደው ልዩነት አምስት ደቂቃ ነው። ሌባ መንገድ ላይ ትኬት ቀድቶ በኋላ እንዳይጠቀምበት የታሰበ ጥንቃቄ ነው። የእኛ ልዩነት ሦስት መቶ ስልሳ ደቂቃ ነበር። በቁጥር ሲጠሩት ግን ዊንዶውስ እንደ ወትሮው ትኬት አይፈልግም፤ ኤንቲኤልኤም ወደሚባለው አሮጌ የመግቢያ መንገድ ይመለሳል፤ ይህኛው የይለፍ ቃል ይጠይቃል እንጂ በአምስት ደቂቃ አያንቅም። ስለዚህ ስሙና ቁጥሩ ሁለት አድራሻ ብቻ ሳይሆኑ ሁለት በር ናቸው፤ በአንዱ ዘበኛው ሰዓት ያያል፣ በሌላው አያይም። በመጨረሻም ለዲኤንኤሱ ሰው ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ መሆኑን፣ እህታችንን ግን ይቅርታ መጠየቅ እንዳለበት ጻፉ። ጠየቀ፤ በምላሽ 26 ላይ ነው፣ አጭር ነው፣ ግን ጠይቋል።

ምላሽ 24። ሁሉም አንድ ነገር መጠየቅ ጀመሩ፤ የሰርቨሩን ሰዓት ማን ነካው? እኔም ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ በልቤ ስጠረጥር ቆይቼ፣ መልሱ ራሴ ጋ ሆኖ አገኘሁት።

ሰኞ ጠዋት ሰርቨሩ አልነሣ ብሎ ነበር። ከመደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ አሮጌውን ሞኒተር ሰካሁለት። ጥቁሩ ገጽ ላይ በነጭ ፊደል ቀንና ሰዓት እንዳልተሞላ ጽፎ ኤፍ 1ን እንድጫን ይጠብቃል። ገባሁ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር ቀና ብዬ አየሁ፤ ትልቁ ቁጥር የእኛ ነው፣ ጥግ ላይ ያለው ትንሹ የፈረንጁ። እንዳልሳሳት ጣቴን እያስኬድኩ ትንሹን ቁጥር ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ሞላሁ። ወሩን አልሳትኩም፣ ዓመቱን አልሳትኩም። ከዚያ እጅጌዬን ገፋ አድርጌ የእጄን ሰዓት አየሁና 3፡20 ብዬ ጻፍኩ።

ቀኑን ወደ ፈረንጅ ስመልስ እንዲያ የተጠነቀቅኩ ሰው፣ ሰዓቱን መመለስ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ምንም አልተቀየረም ያልኩትም ይህንን ነው።

ምላሽ 25። የሐዋሳዋ እህት ስቃ አልፋ ሥራውን በቅደም ተከተል ነገረችኝ። ሰዎች እየሠሩ ሰዓቱን እንዳልነካ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ እንድጀምር። ከሁሉ በፊት መጠባበቂያ ቅጂው በትክክል መወሰዱን እንዳይ። ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍቼ፣ ከመብራት ነቅዬ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ እንድለውጥ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ያስረሳው የእሷ መሞት ነውና። የሰዓት ቀጠናው ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን እንዳልፈልግ፣ ናይሮቢ የሚለው የእኛም እንደሆነ። በመጨረሻም ሰርቨሩ ራሱ ሰዓቱን በኤንቲፒ፣ ኮምፒውተሮች ሰዓት በሚያመሳስሉበት ሥርዓት፣ ከውጭ እንዲወስድ፣ ራውተሩ ላይ ኤንቲፒ የሚጠቀምበት 123 ቁጥር መውጫ እንዳይዘጋበት፣ ላፕቶፖቹም እንደ ዴስክቶፖቹ ከሰርቨሩ እንዲወስዱ ማድረግ። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ይኑር፤ ያ አንዱ ግን ትክክል ይሁን ነው ነገሩ።

መጠባበቂያ ቅጂውን ሳይ ደነገጥኩ። ቅጂው የሚወሰደው በምሳ ሰዓት፣ በፈረንጅ 12፡30 ላይ ነው፤ በእኛ ከቀኑ 6፡30 መሆኑ ነው። ሰርቨሩ ስድስት ሰዓት ስለዘገየ የእሱ 12፡30 የደረሰው ማታ 12፡30 ላይ ነው። ያን ጊዜ ውጫዊው ዲስክ ሰርቨሩ ላይ የለም፤ ገንዘብ ያዥዋ 11፡30 ላይ ነቅላ ካዝና ውስጥ ትቆልፈዋለች። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ያለ ቅጂ ውለናል፤ የሚያስጠነቅቅ ድምፅም አልሰማንም። ላፕቶፖቹ ባይጣሉ ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

ከምላሽ 27 እስከ 29። ውይይቱ እንደገና ወደ ጨዋታ ተመለሰ። እኔ ራሴ ጀመርኩት። ዱባይ ያለ አንድ ደንበኛችን ጸሐፊያችን ኢሜይል የላከችለት ከንጋቱ በፊት፣ በእነሱ 4፡40 ላይ መሆኑን አይቶ ለሥራ አስኪያጃችን ምስጋና ጽፎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ ትጋቷን አንሥቶ አመስግኗታል፤ እሷም ግራ እየገባት ተቀብላለች። ሃያ ስምንተኛው ስለ ጣት አሻራ መቆጣጠሪያ ተናገረ። መሣሪያው በፈረንጅ ሰዓት፣ የደመወዝ ሰንጠረዡ በእኛ ሰዓት ተሞልተው አንድ ወር ሙሉ ሠራተኛው ሁሉ ስድስት ሰዓት አርፋጅ ሆኖ ወጣ። ሃያ ዘጠነኛው የአጎቱን ነገር አመጣ፤ ትኬታቸው ላይ 8፡00 የሚለውን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብለው አንብበው፣ ሻንጣቸውን አስረው፣ ዘመድ አስከትለው ኤርፖርት ሲደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል።

ከምላሽ 30 እስከ 34። ከዚህ ጠብ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሠላሳኛው ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የአምራቾቹ ነው አለ፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀን የሚጀምር ሕዝብ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን የሚጀምር ማሽን ሊገዛ አይገባውም። ሠላሳ አንደኛው ዓለም በሚቆጥርበት መቁጠር ይሻላል ብሎ መለሰለት፤ ሠላሳኛው ደግሞ ፈረንጅ አምላኪ አደረገው። አንድ ሁለት ሰው ተጨምሮ ለጥቂት ጊዜ ስድብ ተወራወሩ። ለቁም ነገር የሚሆነው የሠላሳ ሦስተኛው ብቻ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ቆጠራና ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። ዊንዶውስ ከሥር የሚያመሳክረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ከላይ የሚታየውን በፈለጉት መልክ ማሳየት ይቻላል። ዩኒኮድ የሚያዘጋጀው የቋንቋዎች መረጃ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ከአሥራ ሦስት ወሩ ጋር ይዟል፤ የእኛን ሰዓት የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎችም ሞልተዋል። የእኔ ጥፋት የሚታየውን መቀየር ሲገባኝ የሚቆጠረውን መንካቴ ነው። ሠላሳ አራተኛው ለማስታረቅ ይመስላል፣ ዓለም 2000 ገባ ኮምፒውተር ሊያብድ ነው ብሎ ሲጨነቅ እኛ ገና ሰባት ዓመት ከምናምን ይቀረን እንደነበር፣ መስከረም 1 ቀን 2000 ላይ ስንደርስ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 እንደነበርና ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተጠግኖ እንደቆየን አስታወሰ። ሠላሳኛው ለዚህ ብቻ ሳቀ።

ምላሽ 35። ጋሼ ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ ሌላ ጉዳይ አነሡብኝ። ሰርቨር 2012 አር 2 የማይክሮሶፍት ጥገና የተቋረጠበት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2023 ነው፤ ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ያልተከፈለበት ሰርቨር የጸጥታ ማሻሻያ አይደርሰውም። ስለዋናክራይ በምላሽ 5 የተናገሩትን እንድመልሰውና አሁን ያለሁበትን ቦታ ከዚያ ጋር እንዳስተያይ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ምላሽ 36 እና 37። አንዱ ባትሪዋ የት እንደምትገኝ ጠየቀ። ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፣ ብዙ የመኪና ቁልፎች ውስጥ ያለችው፤ እኔ ያገኘሁት ከቢሯችን ፊት ለፊት መንገድ ዳር ከተቀመጡ ሰዓት አዳሽ ነው። ለሰርቨር እንደሆነ ስነግራቸው ባትሪዋን በጨርቅ ጠረግ አድርገው ሰጡኝና፣ የእጄን ሰዓት ተመልክተው ሁለት ደቂቃ እንደሚቀድም ነገሩኝ።

ምላሽ 38። አዲስ የገባ ሰው ፕሪንተሩ የአማርኛውን ፊደል ባዶ ሣጥን አድርጎ እንደሚያወጣበት ጽፎ፣ ሰዓቱን ግን እንዳረጋገጠ አክሏል።